ቪማላና ያልሞተችው እናቷ

የቪማላን ሞት የሰማሁት ግራንድ ፕሬሪ ከምሠራበት መጋዘን ለምሳ ወጥቼ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ኮል ያደረገችልኝ አብራኝ የተማረችው ሊዲያ ናት። ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን ይሁኑ እንጂ እሷ እዚሁ ዳላስ ያደገች ልጅ ናት፤ ሲጨንቃት አማርኛው ይጠፋባታል።

«ሶ... ቪማላ ሞተ» አለችኝ። «ማለቴ፣ ሞተች። ዛሬ ጠዋት። ጎረቤቷ ነው ያገኛት።»

«ማን መታት?» አልኳት።

«ኖ፣ ማንም አልመታም። ልቧ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። አስተማሪሽ ሞተች ሲባል «ምን ሆና?» ይባላል እንጂ «ማን መታት?» አይባልም። ቪማላን ለሚያውቅ ሰው ግን አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትመታና ስትማታ የኖረች ሴት፣ አዲሰን ባለው አፓርታማዋ ሻይ ልትጥድ ተነሥታ፣ ማንም ሳይነካት ልቧ ቀጥ አለ ቢሉኝ እንዴት ልመን?

ያወቅኋት ተማሪዋ ሆኜ ነው። ነርስነት ለመማር ስመዘገብ አንድ የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ግዴታ ነው አሉኝ፤ ከሥራ ሰዓቴ ጋር የገጠመልኝ ደግሞ የህንድ ልቦለድ ብቻ ሆነ። ባለቤቴ ጀማል «ኮምቦልቻ እያለሽ ያየሽው የህንድ ፊልም አልበቃሽም?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ዘፈንና ዝናብ ያለበት ነገር መስሎኝ ገባሁ።

በሩን ገፍታ የገባችው ሴት አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ሃምሳዎቹን የጀመረች ናት። ስትራመድ ለጠብ የምትሄድ ትመስላለች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች፤ ክንዷ ላይ ከአንጓዋ ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ከቦርሳዋ ጥሬ ቃሪያ አውጥታ እንደ ካሮት ነከሰችና «ፕሮፌሰር አትበሉኝ። ቪማላ በሉኝ» አለችን። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ እያልኳት ነው የኖርኩት። እዚህ እሷ እያልኩ የምጽፈው እንደዚያ ስለፈለገች ነው።

«እኔ ዳሊት ነኝ» አለች ያን ቀን። «አያቶቼ ጥላቸው እንዳይነካው ሌላው የሚሸሻቸው ሰዎች ነበሩ። የሞተ ከብት ይጎትታሉ፣ የሰው ሽንት ቤት ይጠርጋሉ። በሕግ ቀርቷል። ሕጉን ግን ሁሉም ሰው አላነበበውም።»

የሰጠችን መጻሕፍት ሁሉ ውስጥ አንዲት ዳሊት ሴት ነበረች። አንብበን ስንመጣ ቪማላ መጀመሪያ የምትጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ «ስሟን ፈልጉልኝ።» ገጽ እናገላብጣለን። ባለርስቱ የራሱም የአባቱም የቤተሰቡም ስም አለው። ፈረሱ ስም አለው። ሴትዮዋ ግን «ጠራጊዋ» ናት፤ ወይም «የጫማ ሰፊው ሚስት»።

«ቆንጆ ናት ግን» አለ አንድ ልጅ አንድ ቀን። «እዚህ ዓይኗን እንዴት እንደገለጸው...»

«ሁልጊዜም ቆንጆ ናት» አለች። «ካልሆነች ማን ይደፍራታል? ማንስ ያለቅስላታል?» ከዚያ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ በጥፊ እንደሚመታ ሰው አጮለችው። «ትደፈራለች፣ ትሞታለች፣ ሌላው ሰው በእሷ ሞት ጥሩ ሰው ይሆናል። ሞታ ታስተምራለች፤ ኖራ ግን አታስቸግርም።»

«ደራሲዎቹ እኮ አዝነውላት ነው የጻፉት» አለች ሊዲያ።

«አውቃለሁ። አዝኖልሽ የሚገድልሽ ሰው ቢላው አይዶለዱምም።»

«እኛው ዳሊቶች ራሳችን የጻፍናቸው ደግሞ አሉ» ትለን ነበር፤ እነሱን ለመጨረሻ አቆየችልን። እዚያ ሴቶቹ ይሳደባሉ፣ ይሰርቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ባል ይደበድባቸዋል፣ ባል ይደበድባሉ፣ ያረጃሉ። «ተመልከቱ፣ አረጀች!» ትላለች ቪማላ፣ ጮቤ ልትረግጥ እየቃጣት። «አሮጊት ዳሊት በልቦለድ ውስጥ ማግኘት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

አንድ ቀን ከየአገራችሁ ተረት አምጡ አለችን፤ ሰው የሚፈራት ሴት ያለችበት። ተራዬ ሲደርስ በልጅነቴ የሰማሁትን ነገርኳት። ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናት፣ ማታ ጅብ ትሆናለች የሚለውን።

«ማታ ሰው አይደለችም?» አለችኝ።

«አይደለችም ይባላል።»

«ቀንስ?»

«ቀን ማሰሮ ትሸጣለች።»

«ትገዛላችሁ?»

«እንገዛለን።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ሰው ሲመታት አይተሻል?» አለችኝ።

አይቼ ነበር። ገበያ መሃል ነው። አንድ ሕፃን ታሞ የበላችው እሷ ናት ተባለ። የልጁ አጎቶች መጡና ማሰሮዎቿን በእርግጫ ሰባበሩ። ሲያበቁ በስባሪው ፊቷን ሸረከቱት፤ «ልቀቂው! ልጁን ልቀቂው!» እያሉ። ደሟ አቧራው ላይ እየወረደ ቀይ ጭቃ ሲሆን እስካሁን ይታየኛል።

«ስሟ ማን ነበር?» አለች ቪማላ።

«ዘውዴ። እትዬ ዘውዴ።»

ዞር ብላ ሰሌዳው ላይ፣ ከታላላቆቹ ደራሲዎች ስም በላይ፣ በትልቁ ጻፈችው። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ማንም እንዲያጠፋው አልፈቀደችም።

ከክፍል ስንወጣ ፓርኪንጉ ድረስ አብረን ሄድን። መኪናዋን ተደግፋ የእናቷን ነገር የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

ቪማላ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር። እናቷ ለከብት ሣር ልታጭድ ወደ መንደራቸው ባለርስት ማሳ ዳር ትሄዳለች። የባለርስቱ ታላቅ ልጅ ከኋላዋ መጥቶ ይይዛታል። እጇ ላይ ማጭድ አለ። ሳትጮህ፣ ሳትለምን፣ ዞር ብላ ጉንጩን ከጆሮው እስከ ከንፈሩ ሰነጠቀችው። ሁለተኛ ሊይዛት እጁን ሲሰነዝር ጣቶቹን ቆረጠችው። ከዚያ ቤቷ ገባች፣ ማጭዱን አጠበች፣ ሩዝ ጣደች።

ሰዎቹ የመጡት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እናቷ ቪማላን ገፍትራ አልጋ ሥር አስገባቻት። ከዚያ ሆና ያየችው እግር ብቻ ነው፤ የብዙ ሰው እግር። የአባቷ እግር ከመሃላቸው ሲንፈራገጥ አየች። ቆይቶ መንፈራገጡን ተወ። እናቷን በፀጉሯ ጎትተው አወጧት፣ ዳሌዋን በመጥረቢያ ዛቢያ ሰበሩት፣ ጣሪያውን ለኮሱት። ቪማላ ከአልጋው ሥር የወጣችው የሚነድ ሣር ክንዷ ላይ ሲወድቅ ነው።

«እናቴ አልሞተችም» አለችኝ። «እያነከሰች ወደ ከተማ ይዛን ሄደች። ዓሣ እየሸጠች እኔንና ወንድሜን አሳደገች። የአባቴን ገዳዮች ለዓመታት ፍርድ ቤት ጎተተቻቸው፤ ሁለቱን አሳሰረች። ትምባሆ ታጨሳለች። ስትሳደብ ጎረቤት መስኮት ይዘጋል።»

ቤታቸው በተቃጠለ ሰሞን አንድ ወጣት ጋዜጠኛ መጥቶ ነበር። ከላይኛው ዘር ነው፣ ግን አዛኝ። እናቷ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው። በራሷ ኩባያ ውሃ ብታቀርብለት «አልጠማኝም» አለ፤ በዚያ ሐሩር፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። ሄዶ ልቦለድ ጻፈ። ሽልማት አገኘበት፤ በስንት ቋንቋ ተተረጎመ። በልቦለዱ ውስጥ ሴትዮዋ ስም የላትም። ትደፈራለች፤ በማግሥቱ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። የባለርስቱ ታናሽ ልጅ ሬሳዋን አቅፎ ያለቅስና ልቡ ይመለሳል። መጽሐፉ በእሱ እንባ ያልቃል።

«ማጭዱስ?» አልኳት።

«ማጭድ የለም። ነጠቃት።» ቃሪያዋን ነከሰች፤ ዓይኗ ግን የቀላው በቃሪያው አልነበረም። «እነዚያ መንደሩ ውስጥ ያልቻሉትን እሱ በብዕሩ ፈጸመው።»

በዚያው ዓመት ደራሲው ወደ ዳላስ መጣ። ፍሪስኮ ውስጥ መጽሐፍ እያነበቡ የሚወያዩ የህንድ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እሑድ ከሰዓት አንዳቸው ቤት ጋበዙት። ቪማላ ሰምታ አብረሽኝ ነይ አለችኝ። «ብቻዬን ከሄድኩ እጮኻለሁ። ተማሪዬ ካለች አፍራለሁ።»

ጀማል «በሰው አገር ጠብ ምን አገባሽ?» አለኝ።

«አስተማሪዬ ናት» አልኩት።

«ኦኬ፣ በቃ በር አካባቢ ተቀመጪ።»

ቤቱ ትልቅ ነው፤ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ሰዎቹ በፈገግታ ተቀበሉን፣ የሚበላ አቀረቡልን። ማን እንደሆነች የጠየቀ አልነበረም። ደራሲው ሸምግሏል፤ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው። የጉድጓዷን ገጽ አነበበ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ራሴ፣ እውነቱን ባላውቅ ኖሮ፣ አለቅስ ነበር።

ጥያቄ ሲባል ቪማላ ተነሣች።

«ማጭዱ የት ሄደ?» አለች፣ በቀስታ።

«የቱ ማጭድ?»

«እጇ ላይ የነበረው።»

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። ቀስ በቀስ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «አንቺ ማን ነሽ?» አላት።

«አልጋው ሥር የነበረችው ልጅ ነኝ። እናቴ ጉድጓድ ውስጥ አልገባችም። ዛሬ ጠዋት ደውላ ስለ ጉልበቷ ስታማርር ነበር። ማንም አልደፈራትም፤ ሊደፍራት የመጣው ጣቶቹን ጥሎ ሄደ። ይህን ሁሉ ነግራሃለች። ለምን ገደልካት?»

ደራሲው መጽሐፉን ዘጋ። የተነሣው ሌላ ሰው ነው፤ የቤቱ ባለቤት ዘመድ ነው ተባልን፣ ጎልማሳ፣ ደልዳላ። «ይሄ ሥነ ጽሑፍ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም» አለ። «እናትሽን አከበራት እንጂ ምን አደረጋት? ያለ እሱ ማን ያውቃት ነበር?»

«እኔ አውቃታለሁ» አለች ቪማላ።

«እናንተ ሰዎች መቼም አትጠግቡም!»

«እናንተ የምትለን እነማንን ነው?» አለችው። «በላ፣ ጨርሰው።»

ክንዷን ጨምድዶ ወደ በሩ ጎተታት። ሰዉ «ተው፣ ተው» ይላል፣ ማንም ግን አይገባም። ተከትያቸው በካልሲ ወጣሁ። ውጭ፣ መኪኖቹ ከቆሙበት፣ የዘሯን ስድብ ሰደባት፤ ትርጉሙን ባላውቅም ከፊቷ ገባኝ። ምራቋን ፊቱ ላይ ተፋችበት። እጁ ላይ የብረት የውሃ ኮዳ ነበር። በእሱ አገጯን መታት።

ድምፁን አልረሳውም፤ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር ያለ ድምፅ ነው። የአበባ መደቡ ጠርዝ ላይ ወደቀች። እንደገና ሊመታት ኮዳውን ሲያነሣ ክንዱን ያዝኩት፤ ከመኪና በር ጋር አጋጨኝና ዓይኔ ጨለመ። ዓይኔን ስገልጥ ቪማላ ተነሥታለች። መንጋጋዋ ወደ አንድ ወገን ተንጋድዶ፣ ደምና ጥርስ ከአፏ እየወረደ፣ ዘላ አፍንጫውን በቡጢ ሰበረችው። ወደቀ። ደረቱ ላይ ወጥታ ደጋግማ መታችው። ስትመታው አትጮህም። የሚጮኸው እሱ ነው። ኋላ ስንት ሰው ተረባርቦ ነው ያላቀቃት።

ፖሊሶች መጡና ሁለቱንም በካቴና አሰሯቸው። ቪማላ መንጋጋዋ ተንጠልጥሎ፣ እጇ ወደ ኋላ ታስሮ ሣር ላይ ስትቀመጥ አየሁ። እጇን ፈትተው አምቡላንስ ውስጥ ያስገቧት የዚያው ቤት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ በስልኳ የቀረጸችውን ካሳየቻቸው በኋላ ነው። አባቷ «ግቢ ወደ ቤት!» እያለ ይጮህባታል፤ ልጅቷ ስልኩን ለፖሊሱ ሰጠችው።

መንጋጋዋን በሽቦ አሰሩት። መናገር ስለማትችል ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ሰጧት። በሦስተኛው ቀን አልጋዋ ጎን ተቀምጬ ሳለሁ ደራሲው አበባ ይዞ ገባ። ልወጣ ስነሣ እጄን ያዘችኝ።

«ወጣት ነበርኩ» አላት ቆሞ። «ካልሞተች አንባቢው አያዝንም ብዬ ፈራሁ።»

ጻፈችለት፤ «ማጭድ ለያዘች ሴት አያዝንም?»

«እንደገና ልጽፈው እችላለሁ። በትክክል። የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ።»

ሰሌዳውን በመዳፏ አጠፋችና ብዙ ጊዜ ወስዳ ጻፈች። «ነግራሃለች። ውሃም ሰጥታህ ነበር። አልጠጣህም።»

ሽማግሌው አነበበው። ቪማላ ከፊቷ ካለው ማቅረቢያ ላይ የራሷን ኩባያ አነሣች፤ የጠጣችበትን፣ ጠርዙ ላይ ደም የነካውን፤ ዘረጋችለት። በሁለት እጁ ተቀበላት። ጠጣው። ሁሉንም ጠጣው። ኩባያውን ሲመልስላት ይቅርታ የተደረገለት መስሎት ፊቱ ፈካ አለ።

«ዘገየህ» ብላ ጻፈችና በሩን አሳየችው።

ከወራት በኋላ፣ ሽቦው ከተፈታ ወዲህ፣ ኮዳ የሰነዘረው ሰው ጠበቃ ይዞ ተደራደረ፤ ጥፋቱን አመነና እስር ቤት ሳይገባ በገደብ ተለቀቀ። ቪማላ ፍርዱን ሰምታ ስትወጣ የግድግዳውን ማዕዘን በቡጢ መታችው። እኔ ጣቷን በበረዶ ስይዝላት «እናቴ ያገኘችው ፍርድ ይሻል ነበር» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። ክፍል የተመለሰችው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብላ፣ ሽቦው ሳይፈታ ነው። ለሳምንታት በጽሑፍ ብቻ አስተማረችን። ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው በሙሉ ክንዷ ስለነበር ማርከሩ ጫፉ እየተደፈጠጠ ይቀየርላት ነበር። እንደዚያ ጸጥ ያለና እንደዚያ የሚያስፈራ ትምህርት አይቼ አላውቅም። ሽቦው ከተፈታም በኋላ ንግግሯ እንደ ድሮው አልተመለሰም፤ አንዳንድ ፊደል አፏ ውስጥ ይደናቀፋል። ያልገባው ተማሪ «ይቅርታ፣ ድገሚልኝ» ሲላት ሁለተኛውን እየጮኸች ትናገራለች።

እኔ ኮርሱን ጨርሼ የነርስነት ትምህርቱን ቀጠልኩ። ቤቷ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር፤ ልጆቼን ስትቆጣ እኔን ትመስላለች፣ ጀማልን በክርክር ታሸንፈዋለች። እሱም ኋላ ኋላ «ያቺ ሴትዮሽ እንዴት ናት?» ማለት ጀምሮ ነበር። በሞቷ ቀን ማታ ስነግረው ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ ጫማውን ሳያወልቅ ቀረ።

አስከሬኗ ከመቃጠሉ በፊት መሰናበቻ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ከሌላ ስቴት መጥቷል። እናታቸው በዕድሜና በቪዛ ምክንያት መምጣት ስላልቻለች በስልክ ቪዲዮ ከፍቶላት፣ ስልኩን ይዞ በሬሳ ሳጥኑ ዙሪያ ይዞራል። ሊዲያ አጠገቤ ቆማ ታለቅሳለች። ትንሽ ቆይቶ ወንድምዬው ወደ እኔ መጣ።

«እናቴ ያቺ ኢትዮጵያዊት የታለች ትላለች።»

ስልኩን ተቀበልኩት። አጥንቷ የወጣ፣ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ አሮጊት ናት። አታለቅስም። ፈጥና ተናገረች፤ ልጇ እየተረጎመልኝ።

«ልጄ ያኔ ከደረጃ ወደቅሁ፣ ኢትዮጵያዊት ተማሪዬ አብራኝ ነበረች ብላኝ ነበር። የተመታ ሰው ፊት አውቃለሁ፤ እንዳላሳፍራት ዝም አልኩ። አንቺ እዚያ ነበርሽ። ንገሪኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ማጭዱ የጠየቀችውን፣ ኮዳውን፣ ካቴናውን። ወንድምዬው የማያውቀውን እየሰማ ይተረጉምላት ነበር። አሮጊቷ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቀች። ልጇ ለመተርጎም አመነታ።

«መልሳ መታችው ወይ ትላለች።»

«አዎ፣ እማማ። አፍንጫውን ሰበረችው።»

«በየትኛው እጇ?»

ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ። ሰውየው ሲወድቅ፣ እሷ ደረቱ ላይ ስትወጣ።

«በግራዋ» አልኩ።

አሮጊቷ በሳሪዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ግራኝ ነበረች» ሲል ተረጎመልኝ ልጇ። «በግራዋ ስትጽፍ መምህሩ ጣቷን በዱላ ይመታት ነበር። እኔም እንዳይገድሉብኝ ፈርቼ፣ ተይ ልጄ፣ በቀኝሽ ጻፊ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለችኝ። የተወችው መስሎኝ ነበር።»

ወደ ካሜራው ጠጋ አለች።

«አልተወችውም» አለች።